የድጓ ትምህርትና የጋይንቷ ቤተልሔም

ከጥበባት ሁሉ እንደ ዜማ ፈጥኖ የሚያልፍ የለም። ሠዓሊ የሣለው ሥዕል በግድግዳ ላይ ይቈያል፤ ሐናጺ የሠራው ሕንጻም ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ዜማ ግን ከአፍ በወጣበት ቅጽበት ያልፋል፤ ያለፈውንም ዜማ ዳግመኛ ለመስማት የሚያውቀው ሰው አፉን እንደ ገና መክፈት አለበት። እንዲህ ከሆነ፣ ለዓመቱ በዓላትና ሰንበታት ሁሉ የተደለደለው፣ አንዱ ክፍል ከሌላው አንዳንድ ጊዜ በጥቂት የድምፅ መነሣትና መውደቅ ብቻ የሚለየው የድጓ ዜማ፣ ከመምህር ወደ ተማሪ ሲተላለፍ እንዴት ሳይጠፋ ቈየ? አስቸጋሪ ዜማስ በምን ዐይነት ልማድ ይጠናል? ይህን ጥያቄ ለመመርመር የሚነሣ ሰው መንገዱ ወደ ጋይንት ምድር ይመራዋል።

አርብ ገበያ በደቡብ ጐንደር የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ስሟ እንደሚያስረዳው የዓርብ ቀን ገበያ መቆሚያ ናት። ገበሬውና ነጋዴው አገሩን በገበያው ሲያውቁት፣ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ግን በሌላ ነገር ያውቀዋል፤ በዚሁ በጋይንት ምድር የቤተልሔም ደብር ትገኛለችና። ድጓን በሌላ አገር የተማረ ሰው ተማሮች ሰብስቦ ጉባኤ ለመዘርጋት ሲሻ፣ በቤተልሔም አስመስክሮ እንደ ሆነ መጠየቁ የቈየ ሥርዐት ነው።

እንደሚታወቀው የአባቶቻችን ትምህርት ለየሙያው የታወቀ ማስመስከሪያ አለው። ቅዳሴ በደብረ ዓባይና በሰለልኩላ፣ አቋቋም በጐንደር፣ ዝማሬና መዋሥዕት በዙር አባ፣ ድጓ ደግሞ በቤተልሔም ይመሰከራል። ከእነዚህ መካከል ዙር አባም ቤተልሔምም የጋይንት መሆናቸውን ስናስተውል፣ ለቅዱስ ያሬድ ከሚሰጡት ከአምስቱ የዜማ መጻሕፍት፣ ማለት ከድጓ፣ ከጾመ ድጓ፣ ከምዕራፍ፣ ከዝማሬና ከመዋሥዕት፣ የሚበዙት መለኪያቸውን በዚህ አንድ አገር ማግኘታቸው ያስደንቀናል።

የዜማው አባት ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም እንደ ተወለደ፣ በዐፄ ገብረ መስቀልም ዘመን እንደ ነበረ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ይናገራል። ሕይወቱን የሚተርከው መጽሐፍ በልጅነቱ ፈጣን ተማሪ ነበረ አይለንም። ይልቁንም ትምህርት ስላልገባው አጎቱና መምህሩ አባ ጌዴዎን እንደ ቀጡት፣ እርሱም ሸሽቶ ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር እንደ ተቀመጠ ይነግረናል። በዚያም ሳለ አንዲት ትል ዛፉን ልትወጣ ስትሞክር፣ ከመንገድ ላይ ደጋግማ ስትወድቅ፣ በመጨረሻም ከላይ ደርሳ ፍሬውን ስትበላ አየ። ከዚህ በኋላ ወደ መምህሩ ተመልሶ ትምህርቱን በትዕግሥት ጀመረ። የኢትዮጵያ ሊቃውንት የዜማቸውን አባት ታሪክ ከመውደቅና ደግሞ ከመነሣት መጀመራቸው ያለ ምክንያት አይመስለንም። ድጓን ለሚማር ልጅ ከዚህ የሚስማማ የመግቢያ ትምህርት አይገኝለትም።

የያሬድ ዜማ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በሚባሉ ሦስት ስልቶች ይዜማል። የድምፁን አካሄድ የሚያመለክቱትም ምልክቶች ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ሂደትና ቁርጥ የተባሉት ስምንቱ ናቸው፤ በኋላም ድርስና አንብር ተጨምረውባቸው ዐሥር ሆነዋል። ስማቸው ሥራቸውን ይገልጻል። ቁርጥ ድምፅን ያቋርጣል፤ ድፋት ዝቅ ያደርጋል፤ ርክርክ ድምፅን እንደ ጠብታ ደጋግሞ ያወርዳል። መምህራኑም እነዚህን በሕማማተ መስቀል ምሳሌ ይተረጕሟቸዋል፤ ይዘት የጌታን መያዝ፣ ርክርክ የደሙን ነጠብጣብ እንደሚያስታውሱ ያስተምራሉ። ተማሪውም ትርጓሜውን ሲይዝ ምልክቱን አብሮ ይይዘዋል።

ይሁን እንጂ ዛሬ በድጓ መጻሕፍት ላይ፣ ከንባቡ በላይ በደቃቅ ጽሕፈት የምናየው የፊደል ምልክት ከስምንቱ የተለየ ነው። ታሪኩም ከ16ኛው መቶ ዓመት መከራ ጋር የተያያዘ ነው። በኢማም አሕመድ ዘመን በተደረገው ጦርነት አድባራት ተቃጥለዋል፤ መጻሕፍት ጠፍተዋል፤ ካህናትም አልቀዋል። ጦርነቱ በ1543 እ.ኤ.አ. በቤጌምድር ወይና ደጋ ላይ ካበቃ በኋላ፣ ከ1540 እስከ 1559 እ.ኤ.አ. በነገሡት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ተነሡ። ዜና መዋዕሉ እንደሚመሰክረው፣ እነዚህ ሰዎች ለድጓው የምልክት ሥርዐት አበጅተው ንጉሡ ባሠሩት በተድባበ ማርያም ካህናትን አስተማሩ። ከዚያ በፊት በተጻፉት ጥንታውያን የድጓ ብራናዎች ላይ ይህ የፊደል ምልክት አለመታየቱ የዜና መዋዕሉን ቃል ይደግፋል። በሊቃውንቱ ዘንድ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ትውፊትም፣ ድጓው በዚያ የጥፋት ዘመን ሳይጠፋ የተረፈባት ቤተልሔም ናት ይላል። የቤተልሔም ድጓ ለሌሎች መጻሕፍት ማረሚያ የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህ የፊደል ምልክት እንዴት እንደሚሠራ ጥቂት እንግለጽ። በሁሉ ዘንድ የታወቀ አንድ ዜማ ይወሰዳል፤ በዚያ ዜማ ውስጥ ካለ አንድ ቃል አንድ ወይም ሁለት ፊደል ይቀነጠባል። ያ ፊደል በሌላ ንባብ ላይ ተጽፎ ሲገኝ፣ «ይህን ቃል ያኛውን ቃል እንዳዜምህበት አድርገህ አዚም» ማለት ነው። እንዲህ ያሉት ምልክቶች በመቶ የሚቈጠሩ ናቸው፤ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ስለዚህ ምልክት አዋቂ የሚባለው ሰው ፊደሉን ያየ ብቻ አይደለም፤ ፊደሉ የተቀነጠበበትን ዜማ ሁሉ በልቡ ያኖረ ነው።

የዚህን ነገር ልዩነት ለመረዳት የሌላውን ዓለም ሁኔታ ማነጻጸር ይጠቅማል። በ11ኛው መቶ ዓመት በኢጣልያ የነበረው መነኵሴ ጊዶ ዘአሬዞ፣ የድምፅን ከፍታና ዝቅታ በመስመሮች ላይ አስቀምጦ የሚያሳይ አጻጻፍ አስፋፋ። ዐሥር ዓመት ይፈጅ የነበረውን የዜማ ትምህርት በዚህ ዘዴ በአንድ፣ ቢበዛም በሁለት ዓመት ለማሳጠር እንደሚቻል ጽፏል፤ ዘማሪው ከዚህ በፊት ሰምቶት የማያውቀውን ዜማ ከጽሑፉ ብቻ ለማውጣት ይችላልና። የእኛ ሊቃውንት የሄዱበት መንገድ ሌላ ነው። የድጓ ምልክት ዜማውን ላልሰማ እንግዳ አይነግርም፤ ለሰማና ለተማረ ሰው ግን የረሳውን ያስታውሰዋል። የጊዶ ዘዴ መምህሩን በብዙ ሊተካ ሲሞክር፣ የጌራና የራጉኤል ምልክት ያለ መምህር ድዳ ነው። የዚህ ትምህርት ክብሩም ችግሩም ከዚህ አንድ ነገር ይመነጫል።

እንግዲህ ትምህርቱ እንዴት እንደሚካሄድ እንመልከት። የዜማ ተማሪ ፊደል ቈጥሮ፣ ንባብ ለይቶ፣ ዳዊት ደግሞ ወደ ዜማ ቤት ይገባል። ልብሱ የበግ ለምድ ነው፤ በትከሻው አኩፋዳ፣ በእጁ ውሻ የሚከላከልበት ዱላ ይይዛል። «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ለምኖ ያገኘውን ቍራሽ ይመገባል፤ ማደሪያውም በደብሩ ዙሪያ ከጓደኞቹ ጋር የሠራት ጐጆ ናት። ብዙዎች ከወላጆቻቸው ቤት ርቀው፣ አንዳንዶችም ሳይሰናበቱ ጠፍተው የመጡ ናቸው። ረኃብና ተስቦ በመንገድ ያስቀሯቸው ልጆች ጥቂቶች አይደሉም።

ትምህርቱ የቃልና የመጽሐፍ ተብሎ በሁለት ይከፈላል። የቃሉ ትምህርት በአብዛኛው በሌሊት ይካሄዳል። በጨለማ ዐይን ሥራ ስለሚፈታ ጆሮ ብቻውን ይነቃል፤ ተማሪውም መጽሐፍ ማየት ስለማይችል የሰማውን በልቡ ከመያዝ በቀር ሌላ መጠጊያ የለውም። ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ላለው ይነግረዋል፤ ይህኛውም እየተቀበለ ይደግማል። በዚህ ዐይነት ማታ የተማረውን ያስተምራል፤ ሲያስተምርም ለራሱ ያጸናል።

በቀን ደግሞ ተማሪው መጽሐፉን ዘርግቶ ከመምህሩ ፊት ይቀመጥና ይቀጽላል። መሪጌታው አንድ ሐረግ ያዜማሉ፤ ተማሪው ተከትሎ ያዜማል። ከሳተ ይመለሳል፤ ደግሞ ከሳተ ደግሞ ይመለሳል። ሐረጉ ሲቃና ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ከዚያም ተማሪው ከዛፍ ሥር ወይም ከቅጥር ጥግ ብቻውን ተቀምጦ የተቀበለውን ሲያመላልስ ይውላል። በማግስቱ የትናንቱን አድርሶ ካላሰማ አዲስ አይጨመርለትም። እንግዳ ሰው ወደ ዜማ ቤት ቢገባ፣ ሁሉም በየፊናው የተለያየ ክፍል ስለሚያዜም፣ የሚሰማው ጩኸት ብቻ ይመስለዋል። መምህሩ ግን በዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል ከወዲያ ጥግ ያለው ልጅ ርክርኩን እንዳጐደለ ለይተው ሰምተው ያርሙታል። እንዲህ ያለ ጆሮ በተፈጥሮ ብቻ አይገኝም፤ በብዙ ዘመን መስማት የተሠራ ነው።

የድጓ ክብደት ምን ላይ እንደ ሆነ የማያውቅ ሰው፣ ከፍ ባለ ድምፅ የሚዜመው ወይም ረዥሙ ክፍል አስቸጋሪ ይመስለዋል። ዋናው ችግር ግን መመሳሰል ነው። ሁለት ክፍሎች በአንድ ዐይነት ዜማ ይነሡና ከመካከል ይለያያሉ፤ ተማሪው ልብ ካላለ በአንደኛው ተነሥቶ በሁለተኛው ያርፋል። ለራሱ አይታወቀውም፤ ዜማው ጣዕም አላጣምና። እንዲህ ያለውን ስሕተት የሚያርመው ሁለቱንም አጣርቶ የሚያውቅ ሌላ ጆሮ ብቻ ነው። ብቻውን የሚያጠና ሰው ስሕተቱንም አብሮ ያጠናል፤ የተጠና ስሕተት ደግሞ ካልተጠና ዜማ ይልቅ ለማረም ይከብዳል።

ቤተልሔም ያስፈለገችበት ምክንያት ይኸው ነው። በሸዋ፣ በጐጃም፣ በወሎ ወይም በትግራይ የተማረ ሰው፣ መምህሩ ምንም ሊቅ ቢሆኑ፣ በየጊዜው የገባች ጥቂት ልዩነት ሳትታወቀው ልትከተለው ትችላለች። የዜማው ይትበሃልም ቤተልሔም፣ ቆማ፣ አጫብርና ተጉለት እየተባለ እንደሚለይ የታወቀ ነው፤ ከእነዚህ ግን በስፋቱ የቤተልሔሙ ይበልጣል። ስለዚህ አስመስካሪው ድጓውን ተሸክሞ ወደ ጋይንት ይመጣል። ከመስከረም 1 ቀን፣ ከዮሐንስ ተነሥቶ፣ አስተምህሮውን፣ ፋሲካውንና ክረምቱን እያለ የዓመቱን ዜማ ከመምህሩ ፊት እንደ ገና ይወርደዋል። አፉ ሲታረም መጽሐፉም ይታረማል። በብራና ላይ ንባቡን ጽፎ፣ ከላዩ ምልክቱን በቀጭን ብዕር ያሰፈረው ብዙ ጊዜ ራሱ ተማሪው ነው፤ የተሳሳተውን ምልክት ፍቆ ትክክለኛውን ያገባል። ተመስክሮለት ሲመለስም በእጁ የታረመ መጽሐፍ፣ በልቡ የታረመ ዜማ ይዞ ወደ አገሩ ይገባል። እንዲህ እየሆነ በአንድ ደብር የተጠበቀ ልክ ወደ ብዙ አድባራት ይደርሳል።

የቤተልሔም ሕንጻ ራሱ ይህን የመጠበቅ ጠባይ የሚመስል ታሪክ አለው። ከውጭ ለሚያየው በአገራችን እንደሚበዙት አብያተ ክርስቲያናት ክብ ነው፤ ከውስጡ ግን ከክቡ ሕንጻ የሚቀድም፣ በጥንታዊው የአክሱም ሥርዐት የተሠራ ባለ አራት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ተሸሽጎ ይገኛል። በ1948 ዓ.ም. ገደማ ቶማስ ፓከንሃም የተባለ ወጣት ተጓዥ ይህን አይቶ፣ በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ለውጭ አንባብያን አስታወቀ። የአገሩ ካህናት ግን ምንጊዜም ያውቁት የነበረ ነገር ነው።

የውጭ ሊቃውንት ዜማውን ለማጥናት የደከሙትም ድካም አይናቅም። ናፖሌዎን ግብፅን በወረረ ጊዜ አብሮት የነበረው ፈረንሳዊው ቪሎቶ፣ በካይሮ ያገኛቸውን የኢትዮጵያ ካህናት ዜማ ሰምቶ በአውሮፓ ኖታ ጽፏል። በርናር ቬላ ስለ ምዕራፍ ያደረገውን ጥናት በ1966 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ኬይ ካውፍማን ሸለመይና ፒተር ጄፈሪም ከ1993 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. በሦስት ቅጽ ባወጡት ሥራ፣ በሕይወት ያለውን የዜማ አፍ ከብራናው ምልክት ጋር አስተያይተዋል። እነዚህ ሁሉ ሥራዎች የሚያሳዩን አንድ ነገር አለ፤ ብራናውን ያነበቡት ሰዎች ምልክቱ እንዲናገርላቸው የሚያዜም ሊቅ መፈለግ ነበረባቸው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ሁሉ የካህናት ጉዳይ ብቻ ይመስልህ ይሆናል፤ አይደለም። በዘመናችን ክራር፣ ጊታር ወይም ፒያኖ የሚማር ወጣት አስቸጋሪ ዜማ ሲገጥመው የሚያደርገውን እናስተውል። ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ተነሥቶ እስከ መጨረሻው ይሮጣል፤ ጣቶቹ ከዚያው ከለመዱት ቦታ ላይ ይሰናከላሉ፤ እርሱም እንደ ገና ከመጀመሪያው ይነሣል። ቀላሉን ክፍል መቶ ጊዜ፣ አስቸጋሪውን ግን ያው መቶ ጊዜ ተሰናክሎበት ያልፋል። የዜማ ቤት ሥርዐት ለዚህ መድኀኒት አለው። ዜማው በትንንሽ ሐረግ ይከፈል፤ አንዱ ሳይቃና ወደ ሁለተኛው አይታለፍ፤ በዝግታ ይጀመር፤ ትናንት የተያዘው ዛሬ ይመለስ፤ ዐይን ከመጽሐፍ ተነሥቶ በጨለማም ቢሆን በቃል ይሞከር፤ በመጨረሻም ከራስ የሚበልጥ ጆሮ ይስማው። የዛሬው ተማሪ የተቀረጸን ድምፅ አዘግይቶ ደጋግሞ ለመስማት ይችላል፤ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ነገር ግን የተቀረጸ ድምፅ ይሰማል እንጂ አይሰማም፤ የተማሪውን ስሕተት አድምጦ «ተመለስ» የሚለው መምህር ብቻ ነው። በአዲስ አበባ ክራር፣ መሰንቆ፣ በገናና ፒያኖ የሚያስተምረው የሙዚቃ ትምህርት ቤት በያሬድ ስም መጠራቱ፣ ከስሙ ጋር ይህም ልማድ እንዲወረስ የሚያሳስብ ነው።

አሁን ወደሚያሳስበን ነገር እንድረስ። ከላይ እንዳልነው የድጓ ምልክት ያለ መምህር ድዳ ነው። ስለዚህ አንድ የድጓ መምህር ተተኪ ሳያፈራ ሲሞት፣ መጽሐፉ በዕቃ ቤት እንዳለ ቢቀመጥም፣ ከዜማው አንድ ክር ይበጠሳል። በ16ኛው መቶ ዓመት ይህ ገመድ ሊበጠስ ምን ያህል ተቃርቦ እንደ ነበረ አይተናል። ከዚያም ወዲህ ፈተናው አልቀረም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ አድባራትን ያስተዳድር የነበረውን የቤተ ክርስቲያን መሬት ሲወስድ፣ የመምህራኑ ኑሮም አብሮ ተናግቷል። ከልጆችም ብዙዎች ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት መሄዳቸው ለአገር የሚጠቅም ቢሆንም፣ ለዜማ ቤት የሚተርፈውን ተማሪ አሳንሶታል። በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነት እስከ ላይ ጋይንት ንፋስ መውጫ ድረስ ዘልቆ ነበር። ከ470 ዓመት በላይ ቈይቶ ያው የቤጌምድር ምድር የጦር መንገድ ሲሆን ስናይ፣ በሰው ልብ ብቻ የተጻፈ ሀብት ምን ያህል ለአደጋ የተጋለጠ እንደ ሆነ ለማንም ግልጽ ይሆናል።

ታዲያ ምን ይደረግ? በእኛ ዐሳብ ሁለት ነገር አብሮ ሊሠራ ይገባል። በመጀመሪያ፣ በሕይወት ያሉት የድጓ መምህራን ዓመቱን ሙሉ ከዮሐንስ እስከ ክረምት የሚያዜሙት ድምፅ ከነምልክቱ ይቀረጽ፤ ስለ ምልክቶቹ የሚሰጡት ማብራሪያም አብሮ ይመዝገብ። ሁለተኛውና የሚበልጠው ግን መምህሩና ተማሪው ፊት ለፊት የሚቀመጡበት ጉባኤ እንዳይፈታ ማድረግ ነው። ለዚህም የመምህሩ ቀለብ፣ የተማሪው ልብስና መድኀኒት፣ ከጐጆ የሚሻል ማደሪያ ያስፈልጋል። ይህ ወጪ ለአንድ ትልቅ ሕንጻ ከሚወጣው ያነሰ ነው፤ የሚጠብቀው ሀብት ግን በገንዘብ ተሠርቶ የማይገኝ ነው።

ቅርጹ ዜማውን ከመረሳት ይጠብቃል፤ ጉባኤው ግን ዜማውን በሕይወት ያኖራል። አንድ ልጅ በጋይንት ጐጆ ውስጥ በሌሊት ተነሥቶ ያልተቃናለትን አንድ ሐረግ ሲያመላልስ፣ ከአንድ ሺሕ ዓመት በላይ የተከማቸ ድካም በዚያች ሐረግ ላይ አለ። ያች ሐረግ በእርሱ ዘመን እንዳትቀር፣ የሚያርመው መምህርና የሚያድርበት ቤት እንዲኖረው ማድረግ የሁላችንም ፋንታ ነው።